ሙሶንዳ ከዳኛው ጋር የተሟገተችበት ዜና

በባ ካፓምፓ ዘመነ መምህርነት በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ትልቁ መሰርሰሪያ ተበላሽቶ ዝም ባለ በአራተኛው፣ ዳኛው ከሚስማሩ ወድቆ በተነሣ በስድስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሰኔ፣ ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሙሶንዳ አንዲት ብረት መሞረድ ጀመረች። ይህም ለሚመጣው ትውልድ ይታወቅ ዘንድ ተጻፈ።

ይህች ሙሶንዳ፣ መዳፈ ጽኑዕ፣ ባለ ሰማያዊ ቱታ፣ ልበ ቀጥ፣ በካብዌ ከተማ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወዳለው የሙያ ትምህርት ቤት የመጣችው ብየዳ ልትማር ነበር። ነገር ግን የዚያ ቤት ሕግ እንዲህ ነበር፦ ማንም ተማሪ የክብሪት ሣጥን የምታህል ብረት ሞርዶ፣ ሁለት ፊቷን ቀጥ ባለ ማዕዘን አጋጥሞ፣ በዳኛው ፊት ሳያቀርብ የብየዳውን ክፍል ደፍ አይረግጥም፤ እስከ መንፈቁ የመጨረሻ ዐርብ ያላለፈም ዓመቱን ሙሉ የብረት ብናኝ ሲጠርግ ይኖራል።

ዳኛው ሰው አልነበረም፤ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚለካበት ስኳድራ ነበር። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከባ ካፓምፓ ወንበር በስተኋላ ይሰቀል ነበር፤ የተማሪ እጅም አይነካውም። ባ ካፓምፓ የተማሪውን ብረት ከዳኛው ክርን አስገብተው ወደ መስኮቱ ያነሷታል፤ በመካከል ብርሃን ካልሾለከ በክብር መደርደሪያው ላይ፣ በዐሥራ አምስተኛው ዘመናቸው በገዛ እጃቸው ከሞረዷት የአርኣያ ብረት አጠገብ ትቀመጣለች፤ ብርሃን ከሾለከ ግን ቢጫው ባልዲ ይውጣታል።

በመጀመሪያውም ቀን ባ ካፓምፓ እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙ! እዚህ ቤት የሚናገረው ብረት ነው፣ አፍ አይደለም። ያረፈደ ይጠርጋል። ያወራ ይጠርጋል። ‹ባ ካፓምፓ፣ እጄ ቆሰለ› ያለኝ ደግሞ በቆሰለው እጁ ይጠርጋል። መሣሪያችሁን ሳትፈትኑ ብረቱን እንዳታሙት! ስኳድራ ሲፈተን አንድ መስመር ትጭራላችሁ፣ ትገለብጡታላችሁ፣ ከዚያው ነጥብ እንደገና ትጭራላችሁ። ሁለቱ መስመር አንድ ከሆነ እውነተኛ ነው። በቃ፣ ዳግመኛ አላሳይም!»

ያሳዩትም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለው እንጂ በዳኛው አልነበረም።

ሙሶንዳን ተከትለው የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ ሸካራው ሞረድ፣ ለስላሳው ሞረድ፣ እጀታው በጎማ የታሰረው ሞረድ፣ ጥርሱ የረገፈ የሽቦ ብሩሽ፣ የላላ ሞርሳ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ንሺማ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ከደረቅ ዓሣው ጋር፤ በቀኟም በኩል በሦስተኛ ሙከራው ያለፈው ካቶንጎ፣ ምላሱ ከሞረዱ የሚሻክር።

እርስዋም ስድስት ሳምንት ሞረደች፤ ስድስት ብረትም ባልዲው በላ። በእያንዳንዱም ውድቀት ካቶንጎ ዐዋጁን ያስነግር ነበር፦

«ሙሶ! ይሄ ባልዲ ካንቺ በቀር ቀላቢ የለውም እንዴ? ብየዳ ክፍል ስገባ በመስኮት ሰላም እልሻለሁ፤ አንቺ ደግሞ መጥረጊያሽን ከፍ አድርገሽ መልሺልኝ፣ እሺ?»

የመጨረሻዋም ዐርብ ጧት ሰባተኛዋን ብረት ጨረሰች፤ ስምንተኛ አልነበረም። ያን ጊዜ ካቶንጎ ልቡ ራርቶ በጆሮዋ አወጀ፦

«ስሚኝ እኅቴ፣ አሁን ቀልድ የለም። ብረትሽ ደኅና ናት። ደኅና ከሆነች በኋላ ጠርዟን አምስቴ ገረፍ ገረፍ አድርጊያት። ዳኛው ትንሽ ዘመም ያለች ነው የሚወደው። ሁሉም እንደዚያ ነው ያለፈው። እንዳታወሪ ታዲያ!»

ሙሶንዳ ዞራ አየች፤ ሁሉም በየሞርሳው ላይ አንገቱን ደፍቷል። ሞረዷን አንሥታ በጠርዟ ላይ አሳረፈች። አምስት ግርፋት፣ ከዚያ ብየዳ። ነገር ግን ስድስት ሳምንት መዳፏን ልጣ ያቀናቻትን ብረት በገዛ እጇ ማጣመም ዓመት ሙሉ ከመጥረግ ይልቅ ከበዳት፤ ሞረዱንም አስቀመጠች።

እንዲሁም ወደ ችሎት ቀረበች። ባ ካፓምፓ ብረቷን ወደ መስኮቱ አነሡ፤ ብርሃንም ሾለከ። እጃቸው ወደ ባልዲው ሲሄድ ሙሶንዳ አቤቱታ አሰማች፦

«ባ ካፓምፓ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስኳድራ እንዴት እንደሚፈተን አሳይተውን ነበር፤ እኔ ጅሏ ጠፋብኝ። ባልዲው ሳይበላት በዳኛው አንዴ ቢያሳዩን? ከዚያ መጥረጊያውን ራሴ አመጣለሁ።»

ባ ካፓምፓም ደረታቸው ተነፋ፦

«ይኸው! መርሳቷን ለመናገር ያላፈረች ተማሪ! ኑ ክበቡ፣ ኋላ አላየንም እንዳትሉ!»

ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ላሜራ ዘርግተው በዳኛው አንድ መስመር ጫሩ፤ ገለበጡት፤ ከዚያው ነጥብ ሌላ ጫሩ። ሁለቱም መስመሮች ከአንድ ደጃፍ ወጥተው እንደተኳረፉ ወንድማማቾች እየተራራቁ ሄዱ። ዳግመኛ ጫሩ፤ ዳግመኛ ተኳረፉ። ሃያ አንዱም ተማሪ ጫማውን ይመረምር ጀመር፤ ካቶንጎን ሳል ያዘው። ባ ካፓምፓ ዳኛውን በጨርቁ በቀስታ ጠቀለሉት፤ ሰባተኛዋን ብረት ከባልዲውም ከመደርደሪያውም ሳያኖሩ በኪሳቸው ከተቱና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ምሳ ደርሷል፤ ሂዱ ብሉ።»

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነበር።

ሰኞም ነጋ። በብየዳው ክፍል በር ላይ የስም ዝርዝር ተለጥፎ ነበር፤ ከስሞቹም ሁሉ በላይ በባ ካፓምፓ እጅ የተጻፈው የሙሶንዳ ስም ነበር። አቤት ሙሶንዳ! ለሞረድ ሞገሱ፣ ለቀጥታ ዘበኛው፣ ባልዲን ስድስት ጊዜ ያጠገበች፣ በሰባተኛው ያስራበች! ስምሽ ብረት ባለበት ሁሉ ይጠራ!

ሞረዶቿን ልትመልስ ወደ ወርክሾፑ ገባች። ደውሉ ገና ሳይደወል በየሞርሳው ሰው ሞልቷል፤ የክብር መደርደሪያውም ባዶ ነው። ካቶንጎ ላብ በላብ ሆኖ ይሞርዳል፤ ማንም ሳይጠይቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ፦ «ዝገት እያስለቀቅን ነው!» ሲል አወጀ።

በመጨረሻውም ሞርሳ ላይ፣ ጀርባቸውን ለሁሉ ሰጥተው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ባ ካፓምፓ የአርኣያዋን ብረት ይሞርዱ ነበር። ሙሶንዳን ባዩ ጊዜ ያችኑ የአርኣያ ብረትና ከአናጺዎቹ ክፍል የተዋሱትን ስኳድራ አቀበሏት።

ሙሶንዳም ወደ መስኮቱ አነሣች፣ አንድ ዐይኗን ጨፈነች፣ እንዲህም ፈረደች፦

«ትንሽ ይቀራታል፣ ባ ካፓምፓ።»