ለመርፌ የተላከ ሽማግሌ

እኛ ሰዎች የተፈረመበት ወረቀት ስናይ «ማን አስፈረመልህ?» እንላለን እንጂ «ምን ሆነህ ተፈረመልህ?» አንልም። ፊርማ ሁሉ በዘመድ የሚገኝ ይመስለናል። ይህ ጠባይ ባሕር ተሻግሮ እኛው ጋር አሜሪካ፣ አርሊንግተን ገብቷል። ይፈረድብናል እንዴ? ያለ ሰው ጉዳዩ የተፈጸመለት ከመካከላችን ስንቱ ነው?

የልጄ ልጅ ሕሊና ኩላሊቷን ታማ ጠንካራ መድኃኒት ትወስድ ነበር። መድኃኒቱ ኩላሊቷን ሲጠግን በሽታ የመከላከል አቅሟን ያደክማል፤ ስለዚህ የኩፍኝ ክትባት ለእሷ አይሆንም። ትምህርት ቤት ደግሞ ያልተከተበ ልጅ አይቀበልም። በዚህ መሐል የተተወች አንዲት ጠባብ በር አለች፤ ሐኪም «ለዚህች ልጅ ይህ ክትባት በዚህ ምክንያት አይሰጣትም» ብሎ ይፈርማል። ያውም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በዓመቱ እንደገና ታይታ እንደገና ይጻፍላታል። እኔ ይህን ምልልስ አልወደድኩትም ነበር። በሽታው ያው፣ ሐኪሟም ያችው፣ ታዲያ ምን ያንከራትተናል እል ነበር። ወላጆቿ ሥራ ስለሚውሉ ትምህርት ቤት የማመላልሳት እኔ ነኝ። ቅጂው ትምህርት ቤቱ ዘንድ እንዳለ ቢነግሩኝም፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ በደረት ኪሴ ይዤ ነበር የምሄደው። ምን ይታወቃል?

አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ጎረቤታችን ተካ መጣ። ተካ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ ልጁ ናሆም ከሕሊና ጋር አንድ ክፍል ነው። ናሆም ሕፃን ሳለ ክትባት ተወግቶ ክፉኛ ተኩሶት ነበርና አባትየው ከዚያ ወዲህ መርፌ የሚባል ነገር አላስቀረበውም። ትምህርት ቤቱ እስኪከተብ በቀጠሮ ተቀብሎት ኖሮ ቀጠሮው ደረሰ፤ ካልተከተበ ቤቱ ይቀመጣል። ተካ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቄሱ ነበር። ሃይማኖታችን ክትባት ይከለክላል ብለው ይጻፉልኝ ቢላቸው፣ ቄሱ እኔ ራሴ ለስኳሬ ጧትና ማታ እወጋለሁ፤ የትኛው ሃይማኖት ነው የከለከለው ብለው መለሱት። ቀጥሎ እኔ ዘንድ መጣ።

«አባባ፣ ሶ፣ ለሕሊና ከጻፈች ለናሆም የማትጽፈው ለምንድን ነው? ማለቴ፣ ዶክተሯ የኛው ሰው ናት። እርስዎ ቢለምኗት እምቢ አትልም።»

ሕሊና እኮ ታማሚ ናት አልኩት። ናሆምስ ያን ጊዜ ሊሞትብኝ አልነበር ወይ አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። የፈሪን ነገር ፈሪ ያውቀዋል፤ እሺ አልኩት።

ሽማግሌ ብቻውን አይላክም። ስንቱን ያጋቡትንና ስንቱን ያስታረቁትን አቶ ገብሬን አስከተልኩ። እሳቸውም ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በላዩ ነጠላ ጣል አድርገው መጡ። ልመናው ሳይፈጸምለት የሚቀመጥ ሽማግሌ የለምና ክሊኒኩ ስንደርስ በሩ አጠገብ ቆምን። የቆምነው የት መሰላችሁ? በቀይና በቢጫ የሕፃናት ወንበሮች መካከል፣ አፍንጫቸው በሚፈስ ልጆች ተከበን! እንግዳ ተቀባይዋ ታማሚው ማነው አለች። አቶ ገብሬ በእንግሊዝኛቸው ታማሚ የለም፣ ሽማግሌ ነን አሏት። ዕድሜያችንን የነገርናት መስሏት በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች።

የሕሊና ሐኪም ዶክተር ሰናይት ወጥታ እጅ ነሳችንና ይቀመጡ አለች። የመጣንበት ሳይፈቀድልን አንቀመጥም አልን። ሳቋ መጣና ወደ ክፍሏ አስገባችን። ጉዳያችንን እስክንጨርስ ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር።

«ናሆም የሚማረው የት ነው፣ አባባ?» አለችኝ።

«ከሕሊና ጋር። አንድ ጠረጴዛ ነው የሚቀመጡት።»

ዶክተሯም፣ «እሷን መከተብ አልችልም። ኩፍኝ እዚያ ክፍል እንዳይገባ አጥር የሚሆኗት ሌሎቹ ልጆች ናቸው። እርስዎ አሁን የመጡት ከአጥሯ አንዱን እንጨት እንድነቅልልዎ ነው።»

አንድ ሕፃን ስለተወጋ ቢተኩሰው ያ ብቻውን ለፊርማ እንደማይበቃ አስረዳችን። ለተካ ብፈርም ነገ ሌላ ሽማግሌ ይመጣል፤ የማይገባው ሁሉ በዚህች በር ከገባ ደግሞ የሚገባትን ልጅ ወረቀት ማን ያምነዋል አለች። በየዓመቱ ምን ያንከራትተናል ያልኩትን በሆዴ መልሼ ዋጥኩት።

እኔ በተወለድኩበት አገር ልጅ የሚቆጠረው ኩፍኝ ካለፈ በኋላ ነበር። እናቴን ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት «ኩፍኝ ይለፍና» ትል ነበር። አለፈም፤ ሲያልፍ ግን ታናናሾቼን ይዞ ነው። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው፣ አእምሮዬ የት ሄዶ ነው ለልመና የቆምኩት? ሳይፈቀድልኝ ተቀመጥኩ።

ዶክተሯም ከወንበሯ ተነሥታ፣ «ሽማግሌ ከሆናችሁ እኔም ልላካችሁ» አለች።

በዚያው ቀን ተካ በር ላይ ቆምን። ፈረመች ወይ አለን። አልፈረመችም አልነው። ታዲያ ግቡና ቁጭ በሉ ሲለን፣ አቶ ገብሬ ነጠላቸውን አስተካክለው «አንቀመጥም» አሉ። «አሁን የመጣነው ከሴቷ ወገን ነው።»

ተካ ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ። የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋኝ። ያወጣሁት ይህን ብቻ ነው። «ተካ ልጄ፣ የአንተ ልጅ ቢተኩሰው በነጋታው ይበርድለታል። የእኔዋን ኩፍኝ ካገኛት የሚበርድላት አይመስለኝም። ልጅህን ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

ተካ አንገቱን ደፋ። እንደ ሴት አባት፣ ዘመድ እናማክርና ቀጠሮ እንስጣችሁ አለ። የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው ሚስቱ አስቴር የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ከጓዳ ብቅ አለች። የምን ዘመድ ነው፣ ያለህ ዘመድ እኔ ነኝ፣ ተማክሬ ጨርሻለሁ አለችው። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ «ተቀመጡ፣ አባቶቼ» አለች። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ወንበር የለም።

በሳምንቱ ሁላችንም ክሊኒኩ ነበርን። ናሆም ትንሽ አለቀሰና ተለጣፊ ሥዕል ሲሰጡት ረሳው። የተካ ላብ ግን ለመድረቅ ጊዜ ወሰደ። ሊመሽ ሲል ደውዬ ጠየቅሁ፤ ሰውነቱ ሞቅ ብሎታል ግን እየተጫወተ ነው አለችኝ አስቴር።

በዚያው ቀን ገና ከክሊኒኩ ልንወጣ ስንል ታዲያ ዶክተር ሰናይት፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከሕሊና ጋር የሚውለው ማነው ብላ ጠየቀች። እኔ ነኛ፣ አልኩ በኩራት። እንግዲያው የዘንድሮውን ከባድ ጉንፋን ቤት ይዘውባት እንዳይገቡ እርስዎም ይከተባሉ አለችኝ። እድሜዬን፣ ደም ግፊቴን፣ በተለይም ጠባዬን በዝርዝር አስረዳኋት። ከደም ግፊትና ከእድሜ የበለጠ መከተቢያ ምክንያት የለም፣ ለጠባይ ደግሞ አልፈርምም አለች።

ሽማግሌ ልላክባት ብዬ ወደ አቶ ገብሬ ዞር ስል፣ እሳቸው ቀድመው የግራ እጅጌዬን እየጠቀለሉ ነበር።