ያለ እንቅስቃሴ ወደ ደቡብ

የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ታሪክ በሚገባ የሚጻፍበት ቀን ሲመጣ፣ በአንዲት ትንሽ ወንዝ አፍ ላይ የሚገኘው የሸራ ጀልባ ክበብ በየመጸው ወደ ደቡብ ያደረጋቸው ጉዞዎች በወርቅ ቀለም ሊሰፍሩ እንደሚገባ የሚጠራጠር የለም። ጉዞዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ሁሉም በጥልቀት ታቅደዋል፣ በሙሉ ድምፅ ጸድቀዋል፣ በግብዣ ተመርቀዋል። ከወደቡ የወጣ አንድም የለም፤ ይህም ክበቡ ለሰው ሕይወትና ለንብረት ደህንነት የሰጠውን ከፍተኛ ትኩረት ያሳያል።

የዚህ ሁሉ ስኬት አባት ኮሞዶር ሃርላን ትዊሊ ናቸው። ኮሞዶር ሲባል የጦር መርከብ ትዝ ይላል እንጂ በክበቡ ደንብ ሊቀመንበር ማለት ነው። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የፈቃድ ክፍልን ሠላሳ ዓመት መርተዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ፈቃድ በችኮላ አልሰጡም። በእርጋታ የሰጡትም ብዙ አይደለም።

ባለቤታቸው ቨርና ማዕረግ የላትም። አባቷ ኦይስተር የሚባለውን ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ አጥማጅ ስለነበር ጀልባ መያዝን ከእግር መትከል ጋር አብራ ተማረች፤ ካደገች በኋላ ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳች። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ፣ ዝይዎቹ ከሰሜን እየጮሁ ሲመጡና ረግረጉ ላይ ያለው ሣር ቢጫ ሲሆን፣ ከላይ አገር የሚመጡ የሸራ ጀልባዎች ብርዱን ሽሽት በወንዙ አፍ በኩል ወደ ደቡብ ያልፋሉ። ቨርና ጀልባዎች የሚታሰሩበት የእንጨት ድልድይ ጫፍ ላይ ቆማ እጇን ታውለበልብላቸዋለች። አሥራ አንድ መጸው እንዲህ አውለብልባለች።

በዚህ ዓመት መስከረም ላይ ሐኪሟ የግራ ዓይኗ እየደከመ መሆኑን፣ ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ጀልባ መያዝ እንደማይሆንላት ነገራት። እራት ላይ ለኮሞዶሩ ነገረቻቸው። ኮሞዶሩ ሹካቸውን አስቀምጠው እጇን ያዙ። ከልብ አዘኑ። ጉዳዩንም ለሚቀጥለው ስብሰባ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ስር አስያዙት።

አሥራ ሁለተኛው ጉዞ ከቀደሙት የላቀ እንዲሆን ተወሰነ። ሦስት ጀልባዎች የደቡብ ጓድ ተብለው ተሰየሙ። የመጀመሪያዋ «ትዕግሥት» የምትባለው የኮሞዶሩና የቨርና ጀልባ ናት። ሁለተኛዋ የጓዱ ጸሐፊ የዶክተር ላይል ቦዝማን ናት፤ ዶክተሩ በጡረታ ላይ ያሉ የጥርስ ሐኪም ሲሆኑ፣ ሰው አፉን ከፍቶ ዝም እንዲል ማድረግ የለመዱ በመሆናቸው ለጸሐፊነት ተመራጭ ነበሩ። ሦስተኛዋ የደህንነት ኃላፊዋ የወይዘሮ ኮሪን ፓክስተን ናት። ወይዘሮ ኮሪን ሁልጊዜ ሁለት የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይደርባሉ፤ አንዱን ለአደጋ፣ ሌላውን የመጀመሪያው አደጋ ቢደርስበት።

ጓዱ የሚመራበት ዘጠና ገጽ መመሪያም ተዘጋጀ። ዋናው አንቀጽ አንድም ጀልባ ከፊቱ ካለችው ጀልባ ፈለግ ያለ ባንዲራ ምልክት እንዳይወጣ ይከለክላል። ባንዲራዎቹ እንዳይጠፉ ሳጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። ቁልፉም እንዳይጠፋ ጸሐፊው ዘንድ፣ ማለትም ሌላ ጀልባ ላይ ተቀመጠ።

የመነሻው ዕለት ጧት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። የማታው ዝናብ አልፎ ከኋላው ከሰሜን ምዕራብ ጥሩ ንፋስ አምጥቷል፤ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ለምኖ የማያገኘው ንፋስ ነው። መነሻው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተብሎ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ኮሞዶሩ የስንብት ንግግራቸውን ጀመሩ።

«ውድ የጓዱ አባላት፣» አሉ፣ «ደቡብ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። ደቡብ አቋም ነው።»

አቋሙ እስኪብራራ አራት ሰዓት ሆነ። ቨርና ገመዱን ይዛ ቆማ ድልድዩ እንጨት ላይ በቀን ሁለቴ የሚሞላውንና የሚጎድለውን የውኃ ልክ ስታይ ቆየችና ንግግሩ መሀል ገባች።

«ሃርላን፣ ውኃው እየጎደለ ነው።»

ኮሞዶሩ ስለ ገንቢ አስተያየቷ አመስግነው እንደሚመዘገብ ቃል ገቡላት። ከዚያ ለሥነ ሥርዓቱ ክብር ሲሉ መሪውን ራሳቸው ያዙ፤ ጓዱም በተርታ ተንቀሳቀሰ። ይህ በክበቡ ታሪክ የመጀመሪያው በመሆኑ ዶክተር ላይል ሰዓቱን ጽፈው ያዙ።

ወንዙ አፍ ላይ ኤልዚ የሚባል ሽማግሌ የሸርጣን ወጥመዱን እያነሣ ነበር። ኤልዚ ከቨርና አባት ጋር አብሮ ያጠመደ ሰው ነው፤ በዚያ ውኃ ላይ ስድሳ ዓመት ሠርቷል፤ የተጻፈ መመሪያ ግን የለውም። ሦስቱን ጀልባዎች ሲያይ ሥራውን አቁሞ ወደ ግራ እንዲሉ በእጁ አመለከተ። የበጋው ማዕበል ጭቃውን ገፍቶ እዚህ ድረስ እንዳመጣውም ጮኾ ተናገረ።

ኮሞዶሩ የድምፅ ማጉያቸውን አነሡ። «በጸደቀው ካርታ ላይ እዚህ ቦታ ጭቃ የለም።»

«ልክ ነው ጌታው፣» አለ ኤልዚ፣ «ጭቃው ስታጸድቁ አልነበረም።»

ቨርና መሪውን ወደ ግራ እንዲያዞሩት ነገረቻቸው። ኮሞዶሩ ለማዞር ፈቃደኛ መሆናቸውን፣ ነገር ግን አስቀድሞ ባንዲራ መውጣት እንዳለበት፣ ለዚህም ቁልፉን ከዶክተር ላይል በሬዲዮ እንደሚጠይቁ በማስረዳት ላይ ሳሉ ከጀልባዋ ሆድ ስር ለስላሳ ድምፅ ተሰማ፤ ማንኪያ ገንፎ ውስጥ ሲገባ እንደሚሰማው ያለ። ትዕግሥት ቆመች። ዶክተር ላይል መሪዋ ጀልባ መቆሟን ሲያዩ ዘወር ለማለት በሬዲዮ ፈቃድ ጠየቁ፤ መልሱን እየጠበቁ እሳቸውም ገቡ። ወይዘሮ ኮሪን ለመዞር ሰፊ ቦታ ነበራቸው፤ መመሪያውን ግን ከማንም በላይ ስለሚያከብሩ ቀጥ ብለው መጥተው ተተከሉ። ሦስቱ ጀልባዎች በመመሪያው የተወሰነውን ርቀት ሳያዛንፉ ጭቃው ላይ ተሰለፉ። ከዚያ የበለጠ ሥርዓት ያለው አሰላለፍ በባሕረ ሰላጤው አልታየም።

ኤልዚ ገመድ ልወርውርላችሁ አለ። ሐሳቡን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ውኃው አሥር ሰዓት ገደማ ተመልሶ እንደሚሞላ ለቨርና ብቻ ነግሯት ወደ ወጥመዱ ሄደ።

ኮሞዶሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ሰፊ ጠረጴዛ ያለው ዶክተር ላይል ዘንድ ስለነበር ኮፍያቸውን አድርገው በትንሿ መቅዘፊያ ጀልባ ተሻገሩ፤ ወይዘሮ ኮሪንም በራሳቸው መቅዘፊያ መጡ። ቨርና የኮሚቴ አባል ስላልሆነች ጀልባ እንድትጠብቅ ተመደበች።

ኮሚቴው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት በስያሜ ላይ ተከራከረ። «ተጣበቅን» የሚለው ቃል የጓዱን ገጽታ እንደሚያበላሽ ታመነበት። «ቆምን» የሚለውም ተነሣ፤ ውሳኔ የወሰነ ሰው ያለ ስለሚያስመስል ግን ወደቀ። በመጨረሻ «ለጊዜው ያለ እንቅስቃሴ ማረፍ» የሚለው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ቀጥሎም መንሥኤውን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አባላቱ እነዚያው ሦስቱ ነበሩ። ማጣራቱ እስኪያበቃ አንድም ጀልባ ካለበት ንቅንቅ እንዳይል ታዘዘ።

ቨርና ጀልባዋ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ የሸርጣን ሾርባዋን ከድስቱ ጠጣች። ፀሐዩ ጀርባዋን ያሞቃታል። ከሰሜን የመጡ አምስት ሸራዎች፣ ነጫጭ፣ በጥልቁ በኩል አለፉ። እጇን ልታውለበልብ አነሣችና መልሳ አወረደችው። የግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና በቀኙ አየቻቸው፤ ከዚያ ቀኙን ሸፍና በግራው አየች። በግራው ሲታዩ ሸራዎቹ ጉም ነበሩ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ትዕግሥት ከስሯ ተነቃነቀች። ቨርና ተነሥታ ሬዲዮውን አነሣች።

«ሃርላን፣ ጀልባዋ ተንሳፍፋለች። ና እንሂድ።»

«አንቺ ሆይ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«የት ደረሳችሁ?»

«ሁለተኛው አጀንዳ ላይ።»

«ስንት አጀንዳ ነው ያለው?»

«ዘጠኝ።»

«የኔ ዓይን ስንተኛ ነው?»

በሬዲዮው ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ከዚያ ኮሞዶሩ ዘጠነኛ መሆኑን፣ ጊዜ ካልበቃም ለሚቀጥለው እንደሚተላለፍ፣ ሥርዓት ደግሞ ለሁሉም እኩል መሆኑን በሚያጽናና ድምፅ ገለጹ።

ቨርና ሬዲዮውን መልሳ ሰቀለችው። አልተናደደችም፤ እንዲያውም ብዙ ዓመት ያልተሰማት ዓይነት ቅለት ተሰማት። ሸራውን ሳበች፤ ሸራው ንፋሱን ያዘ፤ መሪውን ወደ ግራ፣ ኤልዚ ወዳሳየው በኩል አዞረች። ባንዲራ አላወጣችም።

ኤልዚ በጎኑ ስታልፍ ቀና አለ። «ስብሰባው አለቀ እንዴ ቨርና?»

«ለኔ አልቋል።»

«ወዴት ነው?»

«ወደ ደቡብ።»

ሽማግሌው የንፋሱን አቅጣጫ አየና ጥሩ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ወደ ወጥመዱ ተመለሰ።

በዶክተር ላይል ጀልባ ውስጥ ሦስተኛው አጀንዳ ሞቅ ብሎ ነበር። ዶክተሩ ቃለ ጉባኤውን እየጻፉ በመስኮት ሲመለከቱ ብዕራቸው ቆመ።

«ኮሞዶር፣ ትዕግሥት ሄዳለች።»

ኮሞዶሩ ጸሐፊያቸው ስለ ምግባር የተናገሩ መሰላቸውና በእንዲህ ያለ ሰዓት ሁላችንም ልንጸና ይገባል ብለው መለሱ። ነገሩ ሲገባቸው ጀልባዋ ከሩቅ ታናሽ ሦስት ማዕዘን ሆና ነበር። በሬዲዮ ባስቸኳይ እንድትመለስ አዘዙ። ቨርና ንፋሱ ከሰሜን ስለሆነ ለመመለስ እንደማይመች፣ ይህም ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያዝላት፣ የጥርስ ብሩሻቸውን ግን ሳታይ ይዛው ስለሄደች ይቅርታ እንደምትጠይቅ መለሰች።

በማግስቱ የቀሩት ሁለት ጀልባዎች በሰልፍ ወደ ወደቡ ተመለሱ። ኮሞዶሩ ባዶ ቤት ገቡ። የማጣራቱ ውጤትም በሳምንቱ ወጣ፤ የችግሩ መንሥኤ ጭቃው ሲሆን፣ ጥፋቱም ጓዱ ወደ እሱ እየመጣ መሆኑን እያየ ከቦታው አለመነሣቱ ነው።

ቨርና በዚያ ሳምንት ባሕረ ሰላጤውን ቁልቁል ወረደች። ጧት ጧት ጣቶቿ በብርድ ይደነዝዛሉ፤ ከሰዓት በኋላ ካፖርቷን ታወልቃለች። ሰፊውን የፖቶማክ ወንዝ አፍ ስትሻገር ማዕበሉ ከጎን እየመታ አስፈራት፤ ተሻግራ ዛፎች የከለሉት ጸጥ ያለ ጥግ ገብታ መልህቅ ስትጥል ብቻዋን ሳቀች። አንድ ቀን ከግራ በኩል የነበረ ተንሳፋፊ ምልክት ሳታየው ቀርታ በክንድ ርቀት አለፈችው። ያን ቀን አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ በየጥቂቱ አንገቷን ሙሉ ወደ ግራ እያዞረች ሄደች፤ ማታ ማታ አንገቷ ይቆረጥማታል። በስምንተኛው ቀን የባሕረ ሰላጤው መጨረሻ፣ ኖርፎክ ደረሰችና ለክበቡ ደወለች።

ክበቡ ወዲያው መግለጫ አወጣ። የደቡብ ጓድ በኮሞዶሩ ብቃት ያለው አመራር ደቡብ መድረሱን፣ አፈጻጸሙም ሠላሳ ሦስት በመቶ መሆኑንና ይህም ካለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ወደር የሌለው ዕድገት መሆኑን አበሠረ። እሑድ ምሳ ላይ ለኮሞዶሩ ስማቸው የተቀረጸበት ሰሌዳ ተሰጣቸው። ተጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አባል እጃቸውን አውጥተው፣ ታች ደቡብ በኩል ያሉት ትላልቆቹ ወፎች፣ ምንቃራቸው ከረጢት ያላቸው፣ ዘንድሮም ውኃው ላይ ዝቅ ብለው ይበራሉ ወይ ብለው ጠየቁ። በልጅነታቸው አይተዋቸው ስለነበር ነው።

ኮሞዶሩ አፋቸውን ከፈቱ። ለማንኛውም ጥያቄ መልስ ያላቸው ሰው ነበሩ። ዶክተር ላይል ብዕራቸውን አዘጋጅተው ጠበቁ። ኮሞዶሩ ሰሌዳቸውን እንደያዙ ቆመው ቆመው፣ «አላውቅም፤ ቨርናን መጠየቅ ነው» አሉና ተቀመጡ። ምሳቸውን አልበሉም።

ሰኞ ጧት በአውቶቡስ ኖርፎክ ገቡ። ወደቡ ላይ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲደርሱ ቨርና ሸራ እየጠቀመች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው፤ አልተነሣችም።

«መጣሁ፣» አሉ።

«አየሁህ።»

ኮሞዶሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያለፈው እንዳለፈ፣ የአመራር ክፍተት መኖሩን እንደተገነዘቡ፣ ክፍተቱንም ለመሙላት ዝግጁ መሆናቸውን ተናገሩ። ቨርና እስኪጨርሱ ጠብቃ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

«መሪ አለን። የጎደለን ድንች የሚልጥና ከፊት ቁጭ ብሎ ምልክቱን የሚያነብልኝ ሰው ነው።»

ኮሞዶሩ አሰቡ። ከሠላሳ ዓመት ልማድ የተነሣ አንድ ነገር ሳይጠይቁ ማለፍ አልቻሉም።

«ተጠሪነቴ ለማን ነው?»

«ለድንቹ።»

ሹመቱን ተቀበለ። ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት ለሥራው ስለማይመች እኛም ትተነዋል። ሃርላን በማግስቱ ጧት ካፖርት ለብሶ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ድስት በጉልበቶቹ መሀል አድርጎ ተቀመጠ፤ በግራ በኩል ምልክት ባየ ቁጥር ቀለሙንና ቁጥሩን ይጠራል፣ ቨርና ከኋላ «ሰማሁ» ትላለች። ስለ አካሄዱ የተለየ ሐሳብ ሁለት ጊዜ መጥቶበት ሁለቱንም ጊዜ ድንቹን አይቶ ዋጠው። የመጀመሪያዎቹን ድንቾች ሲልጥ ከድንቹ ይልቅ ልጣጩ ይከብድ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ድስቱ ሞላ፤ ቨርናም ቀመሰችና ጨው ጨመረችበት። ሃርላን ትዊሊ ጀምሮ የጨረሰው ሥራ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ።