የውሮ ትምህርትና የባለቤቴ ቅቤ

ድመት አይማርም የሚል ሰው ካለ ሆሳዕና ከተማ ይምጣና ያናግረኝ። ይማራል! እንዲያውም ከተማሪዎቼ ይልቅ ቶሎ ይገባዋል። ሃያ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንደ ውሮ ያለች ተማሪ አላጋጠመችኝም። ምን እንዳስተማርኳት ግን ቆይቶ ነው የገባኝ።

ውሮን ያገኘኋት ትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰባበሩ ዴስኮች ስር ነው። እናቷ የት እንደገባች አልታወቀም። መዳፍ የማትሞላ ልጅ፣ ድምጿ ብቻ ትልቅ። በጃኬቴ ኪስ ይዣት ገባሁ። ባለቤቴ ታደለች ገና እንዳየቻት "አይጥ ትይዛለች?" አለችኝ። ምን ልበል? "ስታድግ" አልኩ።

እኛ ሰፈር ድመት አይቀለብም፤ ሲርበው አይጥ ያድን ነው ነገሩ። የኔ አንጀት ግን አልቻለም። ጠዋትና ማታ ወተት በጣቴ አስልሳት ጀመርኩ። ካርቶን ፈልጌ ሹራቤን አነጠፍኩላት። ሹራቡን የሠራችልኝ ታደለች መሆኗን ለእናንተ ብቻ ነው የምነግረው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የጠገበች ድመት ይደብራታል። ሲደብራት መጋረጃ ላይ ትወጣለች፣ የፈተና ወረቀት ትቦጫጭራለች። አንዱ ተማሪ ስንት እንዳገኘ እስካሁን አላውቅም፤ ሰማንያ ሰጠሁት፣ ምን ላድርግ? ስለዚህ መጫወቻ ሠራሁላት። አዲስ አበባ የድመት መጫወቻ በሱቅ ይሸጣል አሉ። እኛ ደግሞ ጓሯችን እንሰት አለ። ከቅጠሉ ላይ ቁራጭ ኮባ ቆርጬ ጠቀለልኩና፣ በቃጫ አስሬ ወለሉ ላይ ጎተትኩት። አቤት ደስታ! ዘላ ያዘችው፣ አብራው ተንከባለለች፣ በኋላ እግሮቿ ደበደበችው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስመለስ እሷ በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ እኔም ቦርሳዬን ጥዬ ወለል ላይ ነኝ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ! ታደለች "ጎረቤት እንዳያይህ በሩን ዝጋ" ከማለት በቀር ምንም አትለኝም ነበር።

በዚህ መሃል የዊጆ ተራ ለታደለች ደረሰ። ዊጆ የሰፈራችን ሴቶች ቅቤ የሚያጠራቅሙበት ማኅበር ነው፤ ሁሉም ቅቤያቸውን ያመጡና ለባለተራዋ ይሰጣሉ። ታደለች የመስቀሉ ተራ እንዲደርሳት ስንት ጊዜ ጠብቃለች! ለመስቀል የትውልድ አገሯ የጊምቢቹ ዘመዶቿ በሙሉ እኛ ቤት ሊመጡ ነው። እናቷም ይመጣሉ። አማቴን ደግሞ ቅቤ በሌለው ምግብ ማስተናገድ የሚደፍር ሰው አልተወለደም።

ሴቶቹ መጡና ቅቤውን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። ቅቤ በምን ይጠቀለላል? በኮባ። በምን ይታሰራል? በቃጫ። ይህ ሁሉ ዓይኔ ሥር ሆኖ ምንም አልታየኝም።

ከምግብ በፊት ጸሎት አለ። የሚመሩት ሰብሳቢዋ እትዬ አመለወርቅ ናቸው። እሳቸው ለአገር ሲጸልዩ አንድም ወረዳ አይዘሉም። ዓይናችንን ጨፈንን። እትዬ ሙዱላ ከተማ ደርሰው ዝናብ እየለመኑላት ሳለ ኮሽ የሚል ነገር ሰማሁ። በአንድ ዓይኔ አጮልቄ ሳይ፣ ውሮ ትልቁን ጥቅል ከጠረጴዛ አውርዳዋለች!

ምን ላድርግ? ብጮህ ጸሎት ማቋረጥ ነው። ብነሳ ዓይኔን እንዳልጨፈንኩ ይታወቃል። በእግሬ ላባርራት ብሞክር ጨዋታው የደራ መሰላት፤ ካልሲዬን ነክሳ ተመለሰችና ሁለተኛውን አወረደች። ቃጫው ተፈታ፣ ኮባው ተቀደደ። ጸሎቱ ቶሎ እንዲያልቅ ጮክ ብዬ "አሜን!" አልኩ። እትዬ አመለወርቅ እንዲህ ልቡ የተነካ ወንድ አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ "ሃሌሉያ!" ብለው እንደ አዲስ ጀመሩ። እኔም ጨንቆኝ "አሜን! አሜን!" አልኩ። አሁንማ ሴቶቹም ተቀበሉኝ።

ዓይናችንን ስንገልጥ ውሮ ወለሉ መሃል ነበረች፣ እስከ ጆሮዋ ቅቤ ተቀብታ። የመስቀሉ ቅቤ ግማሹ በአቧራ ተለውሶ ሶፋ ስር ገብቷል። ታደለች ድመቷን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ቅዳሜ ወንድሜ ይመጣል። ጊምቢቹ ይዟት ይሂድ" አለች። ጊምቢቹ ምንም አልበደለኝም፤ የውሮ ቤት ግን እዚህ ነው! "በናትሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ብዬ በሴቶቹ ፊት ለመንኳት።

እትዬ አመለወርቅ ጎንበስ ብለው ቅቤውን አገላብጠው አዩት። "በልታለች እንዴ?" አሉ። አልቀመሰችውም፤ ወተቷን ጠግባ የለ!

"እንግዲያው ሌባ አይደለችም" አሉ። "ይህን ጨዋታ ያስተማራት ማነው?"

አምስቱም ሴቶች ወደ እኔ ዞሩ። ፍርዱ አጭር ነበር፦ ድመቷ ትቀመጥ፤ የጎደለውን ቅቤ አስተማሪዋ ራሱ ንጦ ይተካ።

እስቲ አስቡት። እኛ ሰፈር ወንድ ቅቤ ሲንጥ የታየው መቼ ነው? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዞር ስል ውሮ ጆሮዋን በመዳፏ ትጠርጋለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። "እሺ" አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማሰሮ ስንጥ ከረምኩ። በመስኮት ያየኝ ጎረቤቴ "መምህር፣ ቤት ሰላም ነው?" ብሎ ጠይቆኛል። ትከሻዬ የኔ አልመስል አለኝ። ውሮ ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ ከማሰሮው ጋር አንገቷን ወዲያና ወዲህ ታደርጋለች። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ይል ነበር። ቅቤውም ደረሰ፤ ታደለችም ታረቀችኝ።

የመስቀል ዕለት አማቴ ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። "ይህን የናጠው የማን እጅ ነው?" አሉ። ታደለች እየሳቀች ወደ እኔ አመለከተች። አማቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ልጄ፣ ከእንግዲህ ማሰሮውን ለሱ ተይለት" ብለው ፈረዱ።

ይኸው መስቀል ካለፈ ስንት ጊዜው! ውሮ ደህና ናት፣ ወፍራለች፣ ቤቷ ነው። እኔም እየናጥኩ ነው። ድመት ለማሳደግ ላሰባችሁ ወንዶች አንድ ምክር አለኝ፦ ቅቤ ናጡ ከተባላችሁ አታሳምሩት።