በውክልና የተዋጠ ኪኒን

በመሥሪያ ቤታችን ማንም ሰው የራሱን ሥራ ራሱ ሠርቶ አያውቅም፤ ይህም የደረስንበትን የአሠራር ደረጃ የሚያሳይ ነው። ኋላ በቀሩ መሥሪያ ቤቶች ስብሰባ የተጠራ ሰው ራሱ ይሄዳል፤ የታመመ ባልደረባውን ለመጠየቅም በገዛ እግሩ ይንከራተታል። እኛ ጋ ግን ለሁሉም ተወካይ አለ። የክፍል ኃላፊያችን በዚህ ረገድ አርአያ ናቸው። በአንድ ወቅት በልጃቸው ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ሾፌራቸውን ወክለው ላኩ። ሾፌሩ ንግግር አዋቂ ስለሆነ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ተመርጦ መጣ። ልጁም እስከ ዛሬ የፈተና ውጤቱን የሚያሳየው ለሾፌሩ ነው።

እኚህ ታላቅ ሰው አንድ ችግር ገጠማቸው። ሆዳቸው በየዕለቱ በሚደረግለት ያልተቋረጠ ድጋፍ ከፍተኛ ዕድገት አስመዝግቦ፣ የጠረጴዛቸው መሳቢያ አልከፈት አለ። ጉዳዩን የሚያጣራ ቡድን ተቋቋመ፤ ጥፋቱም የጠረጴዛው ሆኖ ተገኘ። አናጢ ተጠርቶ የጠረጴዛው ጠርዝ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተቆረጠ። ሆዱ ግን በተሰጠው ቦታ ረክቶ የሚቀመጥ አልሆነም። በመጨረሻ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው።

«የደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል» አላቸው ሐኪሙ። «ምግብ ይቀንሱ፤ በእግርዎ ይሂዱ። አለዚያ አንድ ቀን ይጥልዎታል።»

ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን መሠረታዊ ጉድለት ነበረበት። ሁለቱም ነገሮች በግል የሚፈጸሙ ነበሩ።

ስለዚህ ኃላፊያችን ከአንድ የመዋቢያ ዕቃ መደብር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የማቅጠኛ ኪኒን ገዝተው መጡ። ጠርሙሱ ላይ ሁለት ፎቶግራፎች ተለጥፈዋል። «ከመውሰዱ በፊት» በሚለው ሥር አንድ ወፍራም ራሰ በራ ሰውዬ፣ «ከወሰደ በኋላ» በሚለው ሥር ደግሞ አንድ ሸንቃጣ ባለ ጎፈሬ ቆሟል። ሂሳብ ሹማችን መላጣውን እየዳበሰ «ፀጉርም ያበቅላል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ያላየ አልነበረም፤ የተናገረ ግን አልተገኘም።

ኃላፊያችን ውሃ አስመጡ፤ ኪኒኑንም መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ከጠርሙሱ ጋር የመጣችውን ብጣሽ ወረቀት አነበቡ። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል ትላለች። ውሃውን ብቻ ጠጡና አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ።

«እኔ ተንቀጠቀጥኩ ማለት ክፍሉ ተንቀጠቀጠ ማለት ነው» ብለው ጀመሩ። «ከዚህ አንጻር ኪኒኑ በተወካይ በኩል ቢዋጥ ምን ይመስላችኋል?»

«ግሩም ሐሳብ ነው» አለ ሂሳብ ሹሙ።

«ማን ይወከል?»

ሁላችንም ዞረን ሰበዝን አየነው። ሰበዝ ማኅተም የሚመታልን ባልደረባችን ነው። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ከቅጥነቱ ነው፤ ሱሪው የሚቆመው በቀበቶው ቸርነት ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ የምቀንሰው ነገር የለኝም» አለ ሰበዝ።

«አንተን ማን ቀንስ አለህ? የምትውጠው በኔ ስም ነው።»

«ሆዱ ግን የኔ ነው።»

«እሱ የአፈጻጸም ጉዳይ ነው። ለመሆኑ የሠርግ ፈቃድ ጠይቀህ አልነበር? ይኸው እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

እውነትም ሰበዝ ሊያገባ ቀን ቆርጧል። እጮኛው ልብስ ሰፊ ናት፤ ጎበዝ፣ ወሬ የማታበዛ፣ ሜትሯን ከአንገቷ የማታወርድ። ያለ ፈቃድ ሠርግ የለም፤ ያለ ኪኒን ደግሞ ፈቃድ የለም። ሰበዝ ዋጠ። ኃላፊያችንም አንድ ከባድ ኃላፊነት የተወጣ ሰው ትንፋሽ ተነፈሱና ምሳቸውን አስመጡ።

ውክልናው በተሳካ ሁኔታ ቀጠለ። በየጠዋቱ ሰበዝ ኃላፊው ፊት ቆሞ ይውጣል፤ ኃላፊው ደግሞ ፊታቸውን አጨማድደው «ይመራል?» ይሉታል። ብዙም ሳይቆይ የሰበዝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንዱ ማኅተም ደብዳቤው ላይ ሦስት ሆኖ ያርፍ ጀመር። ባለጉዳዮች ይህን የልዩ ትኩረት ምልክት አድርገው ስለወሰዱት ክፍላችን ተመሰገነ። ሰበዝ ምግብ ጠላ። ልቡ ሲደልቅ አጠገቡ የምትቀመጠው ጸሐፊ በር የተንኳኳ እየመሰላት «ይግቡ» ትላለች። ኃላፊያችን በበኩላቸው ኪኒኑን እየወሰዱ ምግብ መቀነስን አላስፈላጊ ድግግሞሽ አድርገው አዩት። ባለ ሦስት ደርብ የነበረው ምሳ ዕቃቸው ባለ አራት ሆነ። አናጢው እንደገና ተጠራ።

ልብስ ሰፊዋ የሠርጉን ሱፍ ልብስ ሰፍታ ጨርሳ ነበር። ሰበዝ ሲለካው ሰፋው፤ አጠበበችው። ደግሞ ሲለካው ደግሞ ሰፋው፤ ደግማ አጠበበችው። በሦስተኛው ግን ሜትሩን ወገቡ ላይ እንደያዘች ቀና ብላ አየችውና እንባዋ መጣ።

«እናቴ ሠርጉ ይቅር ብላለች» አለችው። «ልጁ ታሟል፣ ደብቃችሁኛል ነው የምትለው። ንገረኝ፤ ምንድን ነው የያዘህ?»

«አልታመምኩም። አለቃችንን እያቀጠንኩ ነው።»

ምስኪን ልጅ፤ በሽታው ወደ ጭንቅላቱ የወጣ መሰላት። ሰበዝ ይህን መጥቶ ሲነግረን መጀመሪያ ሳቅን። ፊቱን ስናይ ግን ሳቁ ጠፋብን፤ ልጅቷን ከልቡ ነበር የሚወዳት። እርግጥ ከመሐላችን ሄዶ ለኃላፊው የተናገረ የለም፤ ሁላችንም የሚናገርልን ተወካይ እየጠበቅን ነበር።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ደረጃውን ወጥታ የኃላፊውን ቢሮ ከፈተች። የኃላፊው ባለቤት ቀድመዋት ገብተዋል። ጠርሙሱን ባላቸው አፍንጫ ሥር ይዘው ያቅጨለጭሉታል።

«ጠርሙሱ እየጎደለ ነው» ይላሉ ወይዘሮዋ። «አንተ ግን እየሞላህ ነው። እስቲ ይኼን አስረዳኝ።»

«መድኃኒቱ ሥራ ላይ ነው።»

«የት ነው ሥራ ላይ ያለው?»

«እጮኛዬ ላይ ነው፣ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ ከበሩ፤ «አለቃችንን እያቀጠንኩ ነው» ያላት ገና አሁን ገባት።

ነገሩ ሁሉ ተዘረገፈ። ወይዘሮዋ ሰበዝን አስጠርተው ከግራ ወደ ቀኝ አዩት፤ ቶሎ ነበር የጨረሱት።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን ባል ልታሳጣኝ ነው፤ ይቺን ልጅ ደግሞ ሙሽራ ልታሳጣት ነው።»

«ውክልና ሕጋዊ አሠራር ነው» አሉ ኃላፊያችን።

«እንግዲያው ይቀጥል» አሉ ወይዘሮዋ። ድምፃቸው ረጋ ማለቱ በሩ ላይ የተኮለኮልነውን ከቁጣቸው ይልቅ አስፈራን። «የሚውጥልህ እሱ ከሆነ የሚበላልህም እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ምሳ ዕቃው የሚከፈተው በሱ እጅ ነው። ተወካይ ትልክበት ወደነበረው ስብሰባ ደግሞ አንተ ራስህ በእግርህ ትሄዳለህ።»

«እኔ ምን ልበላ ታዲያ?»

«ተወክለሃል እኮ።»

«የሠርግ ፈቃዱስ፣ ጋሼ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ኃላፊያችን ሚስታቸውን አዩና ፈረሙ። ወይዘሮዋ ጠርሙሱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ሄዱ፤ ኪኒን የሚባል ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የምሳ ሰዓት በክፍላችን ታሪክ ወደር የሌለው ሆነ። ሰበዝ አራቱን ደርብ በየተራ ይከፍታል። ኃላፊያችን ባለቤታቸው ለብቻው የቋጠሩላቸውን የተቀቀለ አትክልት በሹካ እያገላበጡ ይከታተሉታል።

«ጣፈጠ?»

«በጣም፣ ጌታዬ።»

«አዎ፣ እኔም ተሰማኝ» ይላሉ በደከመ ድምፅ።

የሰበዝ እጅ ረጋ፤ ጉንጩም ሞላ። ልብስ ሰፊዋ ያጠበበችውን ልብስ እያጉረመረመች፣ ግን ደስ ብሏት፣ መልሳ ፈታችው። እናቷም ልጁን ትከሻውን ጨበጥ ጨበጥ አድርገው አዩትና ሠርጉ ይሁን አሉ። ኃላፊያችን ደግሞ ለወትሮው ተወካይ የሚልኩበት ስብሰባ ሁሉ በአራተኛ ፎቅ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አወቁ። መሳቢያቸው ተከፈተ፤ ግፊታቸውም ወረደ። በጠረጴዛው ግማሽ ጨረቃ ውስጥ አሁን ወንበራቸውን ሳይነቀንቁ መዞር ይችላሉ።

በሠርጉ ዕለት ኃላፊያችን ንግግር ለማድረግ ተነሡ። ኮታቸው የታላቅ ወንድማቸውን የተዋሱ አስመስሏቸዋል።

«ክቡራንና ክቡራት፣ እስቲ እዩኝ» አሉ። «ኪኒኑን የዋጠው ሙሽራው ነው፤ የቀነስኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱ ተወካዩ ላይ የሠራ መስሎን ነበር። ነገር ግን ዘግይቶም ቢሆን ትክክለኛውን ባለጉዳይ አፈላልጎ አግኝቷል። ውክልና እንደሚሠራ በዚህ ተረጋግጧል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኛም አጨበጨብን፤ ነገ ሥራ አለን። ወይዘሮዋ ብቻ እጃቸውን አጣምረው ጣሪያውን ያዩ ነበር።

ጭብጨባው ሳይበርድ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት የበላይ ኃላፊ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሞልቶ የተከመረ ሳህናቸውን እንደያዙ፣ ሆዳቸውን አስቀድመው እሳቸው ከኋላ እየተከተሉ ሙሽራው ዘንድ ደረሱ፤ ጎንበስም አሉ።

«ልጄ፣ ስለ ችሎታህ ሰማሁ። ለኔም እንድትውጥልኝ ነው የምፈልገው። ዕድገትህን እኔ እጨርስልሃለሁ።»

ሰበዝ ሙሽራዋን አያት። እሷም በእግሯ ጎሸም አደረገችው።

«ጌታዬ፣ መዋጡን ትቼዋለሁ» አለ በትሕትና። «ከፈለጉ ግን እበላልዎታለሁ።» እጁንም ወደ ሳህኑ ዘረጋ።

የበላይ ኃላፊው የቀረበላቸውን አማራጭ በጥሞና አጤኑት። ከዚያ ሳህናቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ በክንዳቸው ከልለው፣ ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ።