አማቴ፣ ሽኮኮውና ቆመህ ጠብቀኝ

ባል ማለት ከአማቱ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ለብቻው እስኪቀመጥ ድረስ ወንድ ነኝ ብሎ የሚያምን ፍጡር ነው። አትሳቁ። ያገባችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያላገባችሁ ደግሞ ትደርሱበታላችሁ። እኔ የደረስኩበት ሚኒሶታ፣ ክሪስታል በምትባል ከተማ ውስጥ፣ በገዛ አፓርትማዬ፣ የገዛ ሪሞቴን እንደያዝኩ ነው።

አማቴ አባባ ተሰማ ልጃቸውን ሰብለን ሊጠይቁ ከመርሐ ቤቴ መጥተው አብረውን ከርመዋል። በራችንን ጎንበስ ብለው ነው የሚያልፉት። በጎልማሳነታቸው ቆላ ወርደው ጎሽ ገድለዋል፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሻንጣቸው ገና ሳይከፈት ነግረውኛል። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።

«አንተስ? ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሆቴል ነው አባባ። ብሉሚንግተን የሚባል ከተማ።»

«ሆቴሉ ያንተ ነው?»

«አይ… ላውንደሪ ክፍል ነኝ። ፎጣ አጥፋለሁ፣ አንሶላ እተኩሳለሁ።»

አባባ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔን ባዩ ቁጥር ሐዘንተኛ ቤት እንደገባ ሰው ከንፈራቸውን መጠጥ ያደርጋሉ።

አሁን መመለሻቸው ደርሷል፤ አንድ ሳምንት ነው የቀራቸው። ጉዱ ያለው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። መርሐ ቤቴ ሲገቡ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የሚጠይቃቸው ስለ በረዶውና ስለ ፎቁ አይምሰላችሁ። «የሰብለ ባል እንዴት ያለ ሰው ነው?» ነው የሚላቸው። እሳቸው የሚሰጡት መልስ ይግባኝ የለውም። እስክሞት ያ ነኝ፤ ከሞትኩም በኋላ ተዝካሬ ላይ ያ ነኝ። በቀረችኝ ሳምንት የግድ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ።

ነገሩን ያመጣው ሽኮኮ ነው። የዚህን አገር ሽኮኮ ለማታውቁት፣ ከአይጥ ከፍ ያለ፣ ጅራቱ ከራሱ የሚበልጥ፣ ማንንም የማይፈራ ፍጡር ነው። ሰብለ ለጾም የሚሆናትን ሱፍ አጥባ በረንዳ ላይ ታሰጣለች። እሱ ይመጣና የበረንዳው ብረት ላይ ተደላድሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ እየፈለፈለ ይበላል። ቅርፊቱን ለእኛ ይተውልናል። አንድ ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ወጣሁበት። አየኝ፣ መጥረጊያውን አየው፣ መብላቱን ቀጠለ። ዞር ብል አባባ ከመስታወቱ በር ኋላ ቆመው ያዩኛል።

«እዚህ አገር ጠመንጃ የለም?» አሉኝ።

«አለ እንጂ አባባ። እኔ ራሴ ቅዳሜ አደን ልወጣ ነው።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ከአፌ እስኪወጣ ድረስ እኔም አልሰማሁም ነበር።

የሆቴሉን ማድረቂያ ማሽኖች የሚጠግን ዴል የሚባል ፈረንጅ ባልደረባ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ የቤተሰቡ ጫካ ውስጥ ሽኮኮ ያድናል። የሚያድነው ግን በዘመናዊ ጠመንጃ አይደለም። ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዙ በኩል በሚያጎርሱት፣ ጥይቱ ከአተር በማይበልጥ ቀጭን የድሮ ጠመንጃ ነው። ለምን ቢሉት «ለሽኮኮውም ዕድል መስጠት አለብኝ» ይላል። ና አብረን እንሂድ ባለኝ ቁጥር ሰበብ እየፈለግሁ እቀር ነበር። በማግስቱ ግን ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ሄጄ «እሺ» አልኩት። የአደን ላይሰንስም አወጣሁ።

ስለ ጠመንጃው ለአባባ ስነግራቸው ከሶፋው ብድግ አሉ።

«በአፉ ነው የሚጎርሰው?»

«አዎ።»

«ባሩዱ ለብቻ፣ እርሳሱ ለብቻ፣ በዘንግ እየተደቆሰ?»

«አዎ አባባ።»

«ቆመህ ጠብቀኝ ነዋ!» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «አባቴ የሞተው እሱን ተንተርሶ ነው። በል እኔም አብሬህ እወጣለሁ።»

ቆመህ ጠብቀኝ ማለት፣ እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን ልንገራቸው፣ ባለቤቱ አጉርሶ እስኪጨርስ ጠላትም አውሬም ቆሞ ይጠብቀው ይመስል የተቀለደበት የድሮ ጠመንጃ ነው። ሰብለ ይህን ሁሉ ከማድ ቤት ትሰማለች። «ያንን አይጥ ይዘህ እቤቴ ብትገባ ጫካ አብራችሁ ታድራላችሁ» አለችኝ። ሥጋውን የሚበላው ዴል ነው ብዬ ማልኩላት።

ቅዳሜ ጠዋት ድራይቭ አድርጌ ጫካው ደረስን። አባባ ጋቢያቸውን ደርበዋል። ዴል ሕጉ ነው ብሎ ብርቱካናማ ኮፍያ ደፋላቸው። ከዚያ ሹክ እያለ ምክሩን ሰጠን፤ ዋናው ነገር ዝምታ ነው፣ ቅጠል እንኳን ኮሽ እንዳይል፣ ሽኮኮ ድምፅ ከሰማ ቀኑ አለቀ። ለአባባ ተረጎምኩላቸው። «እሺ» አሉ። ሽማግሌ እሺ ሲል እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ብዙም ሳንቆይ አንድ ወፍራም የዋርካ ያህል ዛፍ ላይ ሽኮኮ ብቅ አለ። ዴል ጠመንጃውን አቀበለኝ። ቀደም ብሎ እንዳሳየኝ ባሩዱን ጨመርኩ። እርሳሷን በእራፊ ጨርቅ ጠቅልዬ አፈሙዙ ላይ አኖርኩ። ዘንጉን አስገብቼ እየገፋሁ ሳለ ከኋላዬ ጫካውን የሚያናውጥ ድምፅ መጣ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«እያጎረስኩ ነዋ አባባ፤ ኧረ ቀስ ይበሉ።»

«ዝም ብለህ? እንደ ሌባ? አውሬ ገዳዩ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይነገረው ይገደላል? ፎክር እንጂ!»

ዴል ተጠጋኝ። «ምን አሉ?»

«መጀመሪያ ጸሎት አድርግ ነው የሚሉኝ» አልኩት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ። ፉከራ የማውቀው ከሠርግ ቤት ማይክራፎን ነው። ግን አማት ከኋላ፣ ሽኮኮ ከፊት ቆመው ምን አማራጭ አለኝ? ዘንጉን አፈሙዙ ውስጥ እንደተወሸቀ ትቼ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«ዘራፍ! የልብስ ሰፊው የከበደ ልጅ!
የፎጣው አጣፊ፣ ያንሶላው ተኳሽ፣
መኪናው ባይነሳ ባውቶቡስ ደራሽ…»

«በለው!» አሉ አባባ፣ መሬቱን በከዘራቸው እየመቱ።

ምን ልበላችሁ፣ ደሜ ሞቀ። ግራና ቀኝ ተንጎራደድኩ። ያለፈውን ዓመት በረዶ ፎከርኩበት፣ ሱፐርቫይዘሬን ፎከርኩበት፣ የመኪና ኢንሹራንሴን ሳይቀር ፎከርኩበት። ዴል ጸሎት ስለመሰለው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቷል። ሽኮኮው ደግሞ ይሸሻል ስንል ጭራሽ ሁለት ቅርንጫፍ ወርዶ፣ እጁን ሆዱ ላይ አጣጥፎ ያዳምጠኝ ጀመር።

«በለው እንጂ!» አሉ አባባ።

ማቀጣጠያዋን ገጠምኩ፣ አነጣጠርኩ፣ ምላጩን ሳብኩ። ጠመንጃው ጮኸ፣ ነጭ ጭስ ዋጠን። ጭሱ ገለጥ ሲል ሽኮኮው በቦታው አለ። ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ ግንዱ ላይ፣ አንድ ረጅም ነገር ተሰክቶ ይወዛወዛል። ከአፈሙዙ ሳላወጣ የረሳሁት ዘንግ ነው። ሽኮኮው ወረደ፣ አሸተተው፣ ከዚያ ላዩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠበት።

ዴል ረጅም ጊዜ ዛፉን አየ። «ዌል… ዛትስ ዲፈረንት» አለ። ለየት ያለ ነገር ነው ማለቱ ነው። ሚኒሶታ የኖራችሁ ታውቃላችሁ፤ የዚህ አገር ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ የለውም።

አባባን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ተዝካሬ ታየኝ። «ፎጣ አጣፊው» መባሌ ቀርቶ «ያ ሽኮኮ የሳተው ሰውዬ» ስባል ሰማሁ። አባባ ቀስ ብለው ወደ ዛፉ ሄዱ። ሽኮኮውን በከዘራ ገለል አድርገው ዘንጉን በሁለት እጃቸው ሳቡት፤ አልነቀል አላቸው። ከዚያ መኪና ውስጥ ገቡ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤታችን ኒው ሆፕ ከተማ ደረስን። 

«ብርሃኑ» አሉኝ በመጨረሻ። እስከዛሬ «አንተ» ነበር ስሜ።

«አቤት አባባ።»

«የተሰማ አማች ሽኮኮ ሳተ ተብሎ መርሐ ቤቴ ውስጥ አይወራም።»

«ታዲያ ምን ሊሉ ነው?»

«እኔ ዋሽቼ አላውቅም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እቤት እንደገባን ጫማቸውን እንኳን ሳያወልቁ የስልክ ካርዱን አስፈቅፍቀው ለታናሽ ወንድማቸው ለጋሽ በቀለ አስደወሉ። ስፒከር ላይ ነው፤ ሁላችንም እንሰማለን።

«ከብርሃኑ ጋር አደን ውለን መግባታችን ነው።»

«ምን ዓይነት አውሬ ነው?»

«ጅራተ ረጅም ነው። ዛፍ ላይ ይወጣል። ቤታችን ድረስ እየመጣ ንብረት ሲያጠፋ የከረመ ነው።»

«ነብር!» አሉ ጋሽ በቀለ።

አባባን ሳል ያዛቸው። አዎም አላሉ፣ አይደለምም አላሉ።

«በምን ገጠመው?»

«እኔ የማውቀው ፎክሮ ሲያበቃ ዘንጉ ግንዱ ውስጥ ገብቶ መቅረቱን ነው። በሁለት እጄ ስቤ አልነቀል አለኝ።»

«በጦር?!»

እዚህ ላይ ካርዱ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። አባባም ሌላ ካርድ አልጠየቁም። ሰብለ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቋን አፍና ማድ ቤት ገባች።

አባባ መርሐ ቤቴ በሰላም ገቡ። ወር ሳይሞላ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ስልካችን ጠራ። ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ድምፃቸው ውስጥ ያለውን አክብሮት እንኳን እኔ ማናጀሬም አግኝቶት አያውቅም።

«የኛ ነብር ገዳይ! ደህና ነህ ወይ? በጥር ልጄን እድራለሁ። ሙሽራው ያንተን የነብር ቆዳ ደርቦ ቢገባ ብለን ቤተ ዘመዱ መክረናል። መቼም ቆዳው አለ አይደል?»

በመስታወቱ በር ወደ ውጭ አየሁ። ሰብለ አዲስ ሱፍ አስጥታለች።

«አለ ጋሼ» አልኳቸው። «እዚሁ በረንዳዬ ላይ ነው።»

አማቴ ዋሽተው አያውቁም፣ እኔም አልዋሸሁም። ቆዳው እዚያው ነበር። ባለቤቱ እንደለበሰው ቁጭ ብሎ ሱፍ ይፈለፍላል።