የአያ አዳሙ ቤት የሰመጠበት ሥዕል

ስጋት እንደ ቁመት ነው፤ ከወላጅ ይወረሳል፣ ቢመክሩትም አያጥርም። እኔ ቁና ሙሉ ወርሻለሁ። ደብረ ታቦር ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ሌላው ሰው ጃንጥላውን ይፈልጋል፤ እኔ ግን ጉና ተራራ ሥር ያለ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ገበሬ ገብሱን በረዶ መታበት ብዬ እጨነቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ከእናንተም ቤት አይጠፋም፤ በሩ መቆለፉን ደጋግሞ ተመልሶ የሚያይ። አትሳቁበት። አንዳንዴ ልክ ይሆናል።

ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ተራራ መሥራት ነው። ከሐዋሳ ከመጣችው ባልደረባዬ ከሰላም ጋር ሆነን፣ መሬቱን ከነዳገቱ ከነቁልቁለቱ በዲጂታል እንሥላለን። ታዲያ ከገሳይ ከተማ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ሸለቆ የመስኖ ግድብ ታስቦ ኖሮ፣ ውሃው ሲሞላ አገሩ ምን እንደሚመስል ለነዋሪው የሚያሳይ ሥዕል ሥሩ ተባልን። የሸለቆውን ስም ስሰማ ልቤ ድንግጥ አለ። የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ አዳሙ የሚኖሩት እዚያው ነው።

ሁለት ሶፍትዌር ነበረን። አንደኛው ደረቅ ነው። የሳተላይቱን ልኬት ተቀብሎ ኮረብታውን ከነስንጥቁ ያወጣዋል፤ ከፍታ ላይ አይዋሽም። ግን ሣር አያበቅልም፤ ዛፉ አረንጓዴ ምስማር፣ መሬቱ ያልተለሰነ ግድግዳ ነው። ሁለተኛው ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች የሚገለገሉበት ነው። እሱስ ጉድ ነው! ጤዛ ያወርዳል፣ ከገደሉ ጉም ያስነሣል፣ ሣሩን በነፋስ ያስተኛዋል፣ ውሃው ላይ ፀሐይ ያብለጨልጫል። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ለማማር ሲል መሬቱን ያለሰልሰዋል። ገደሉን ተዳፋት፣ ተዳፋቱን ሜዳ ያደርገዋል። አበው «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ያሉት ይህንን ሶፍትዌር አይተው ይመስለኛል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍተን ውሃ ሞላንባቸው። በደረቁ ላይ ውሃው ከአያ አዳሙ ቤት ርቆ፣ ከታች ቆመ። በቆንጆው ላይ ግን እየተንሸራተተ መጣ፣ መጣና ደጃፋቸውን አልፎ ጣሪያቸው ብቻ ቀረ።

«ሰላም፣ አጎቴ ሰመጡ!» አልኳት።

«አልሰመጡም፤ መሬቱ ስለለሰለሰ ነው። እናስተካክለዋለን» አለችኝ።

የምናስተካክልበት ጊዜ ማን ሰጥቶን! ኃላፊያችን ገቡ። ደረቁን አይተው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ቆንጆውን አይተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ይኼ ነው! ነገ ይህንኑ ይዛችሁ ውጡ» አሉ። ውሃው ልክ እንዳልሆነ እኔም ነገርኳቸው፣ ሰላምም ነገረቻቸው። «እሱን በቃል ታስረዳላችሁ» ብለውን ወጡ። በቃል! ዓይን ያየውን አፍ ሊያስተባብል።

በማግስቱ የቀበሌው አዳራሽ መስኮት በጋቢ ተሸፍኖ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በራ። የደብሩ ጉልላት ከነዛፎቹ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አማተበ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። ቀጥሎ ውሃው መጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ሕዝቡ በውበቱ ሲደነቅ ማሳው ውሃው ውስጥ ገባ፣ የግጦሹ መስክ ገባ፣ የአያ አዳሙ ቤት ገባ። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ «እውነተኛው ውሃ እዚህ አይደርስም!» እያልኩ እጮኻለሁ። ማን ሊሰማኝ። አያ አዳሙ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ሰድበውኝ ቢሆን በተሻለኝ።

ከዚያ ወዲያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ አብሮ ይጮህ ጀመር። በመጨረሻ የፈራሁት መጣ። የደወሉት የአያ አዳሙ ባለቤት፣ እትዬ ጥሩዬ ናቸው።

«ልጄ፣ አጎትህ ጣሪያውን እያወረደ ነው።»

«የምን ጣሪያ?»

«የቤታችንን ነዋ! ውሃው ሳይደርስብን ሽቅብ እንውጣ ብሎ። ኧረ ድረስልኝ!»

ግንቦት እያለቀ ነበር። ሰላምን አስከትዬ፣ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ፣ ከሚኒባሱ መስኮት ደመናውን እያየሁ ሄድኩ። ስንደርስ የጣሪያው ግማሽ ቆርቆሮ መሬት ላይ ተነጥፏል። እትዬ ጥሩዬ እህላቸውን በላስቲክ ሸፍነው ደጅ ተቀምጠዋል። የደረቁን ሶፍትዌር ሥዕል ከፈትኩላቸው።

«አያ፣ እውነተኛው ይኼ ነው። ይመልከቱ፣ ውሃው ከቤትዎ በጣም ሩቅ ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼ የተጠበሰ ድንች ነው። ደብሩ የታል?»

«ያቺ ነጥብ ናት።»

«ነጥብ! ያኛውን እኮ በዓይኔ በብረቱ አይቸዋለሁ። ሣሩ ሲወዛወዝ አይቻለሁ።»

«አባባ፣ ያኛው እንዲያምር ተብሎ የተሠራ ነው» አለች ሰላም ቀስ ብላ።

አያ አዳሙ ቀና ብለው ሁለታችንንም አዩን። «ታዲያ እንዲያምር ብላችሁ ነው እኔን ያሰመጣችሁኝ?»

ላፕቶፑን ዘጋሁት። ጉና ላይ ነጎድጓዱ አጉረመረመ። ጎረቤቱ በደቦ ተሰብስቧል፤ አያ አዳሙን የሚመልሳቸው ስላልተገኘ፣ እኔና ሰላምም ላፕቶፑን ከእህሉ ጋር በላስቲክ ሸፍነን ምሰሶ ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። የአዲሱ ቤት ምርጊት ጭቃው ሳይደርቅ ዝናቡ ያዘ። ያን ክረምት ደብረ ታቦር ላይ ዶፍ በወረደ ቁጥር የአያ አዳሙ ግድግዳ ሲናድ ይታየኝ ነበር። ምስጋና ለፈጣሪ፣ አልተናደም።

የተናደው ግድቡ ነው። «ጥናቱ ይከለስ» ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የሚያነሣው ጠፋ። እንግዲህ ይህን ለአያ አዳሙ ማን ይንገር? ክረምቱ ሲወጣ፣ የማልዋሽበትን ቃል እያማረጥኩ ሄድኩ። አዲሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያያሉ።

«ውሃው መቼ ነው የሚመጣ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«አያ… ግድቡ እኮ ቀርቷል።»

ከዘራውን በጀርባዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሸለቆውን አዩ፣ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይ ነዶ! ጠዋት ጠዋት ከዚህ ሆኜ ላየው ነበር እኮ። ምን የመሰለ ውሃ!» ከልባቸው አዘኑ። የሚያጽናና ቃል ደግሞ አልያዝኩም፤ እኔ የመጣሁት ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር።

ይህን ጊዜ እትዬ ጥሩዬ ከታች፣ ከድሮው ቤታቸው አጠገብ ካለው ምንጭ፣ ጀሪካን አዝለው እያለከለኩ ደረሱ። ሮጬ አወረድኩላቸው። ወገባቸውን ይዘው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙና አንዴ ባላቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«አጎትህ ውሃ ሸሽቶ ወጣ» አሉኝ፤ «እኔ ውሃ ፍለጋ ስወርድ ስወጣ ጉልበቴ አለቀ። በል፣ ሁለተኛው ጀሪካን እታች ቀርቷል።»