የወደቀችው «ማ»

የከተማችን የማርቆስ ነፋስ ባርኔጣ ብቻ የሚወስድ ይመስላችኋል? ፊደልም ይወስዳል። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንድ የጥንት ሲኒማ ቤት አለን። ግንቡ ላይ ከቆርቆሮ የተቆረጡ ሦስት ትልልቅ ፊደላት ነበሩት፦ «ሲኒማ»። አንድ ክረምት «ማ» ተገንጥላ ወደቀች። ቀረን «ሲኒ»።

ከአምበር፣ ከደብረ ወርቅ ለገበያ የመጣ ሰው ቀና ይልና «ሲኒ» ያነባል። በሩ ዝግ ነው። ፊት ለፊት ደግሞ እትዬ አትጠገብ የዕቃ ሱቅ አላቸው። ይሻገራል፣ ሲኒ ይገዛል። ድሮ ድስትም ጆግም ይሸጡ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሱቁ ሲኒ ብቻ ሆነ። የሰው ዕድል ግንባሩ ላይ ይጻፋል ይባል የለ? የእሳቸው ግንብ ላይ ተጻፈ።

እኛ የከተማው ተቆርቋሪ ነን ባዮች፣ ይህን ሰሌዳ ለማደስ ኮሚቴ አቋቋምን። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ «ፊደል ያውቃል» ተብዬ ገባሁ። ዲማ ገዳም ቅኔ የተማሩት መሪጌታ ልሳኑም ገቡ። ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሥተው፣ «ሲኒማ ነበረን፤ ያጣነው ቡናውን ነው!» አሉ። ሰሙን የያዘ ሳቀ፤ ወርቁን ያገኘም ሳቀ። ምንም ያልገባው ሊቀ መንበራችን ግን ቃለ ጉባኤው ላይ «ቡና ይቅረብ» ብሎ አስጻፈ።

«ማ»ስ የት ገባች? ተጠያየቅን። እትዬ አትጠገብ ጓሮ ናት ተባለ። ሄድን። እውነትም የዶሮ ቤት ክዳን ሆና፣ አንድ እግሯን ዘርግታ ተጋድማለች። በላይዋ አውራ ዶሮ ቆሞባታል። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይላሉ፤ እትዬ ግን ብልህም ሆነው ልሰዋል።

«እትዬ፣ ፊደላችንን ይመልሱልን» አልኳቸው።

«የምን ፊደል? ከሰማይ የወረደልኝን!»

መሪጌታ ለስለስ ብለው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከተማው እያፈረ እንደሆነ አስረዷቸው። እሳቸው እቴ!

«ልጆቼን ያሳደገችልኝ ያቺ ሲኒ ናት። እሷን መልሳችሁ ሲኒማ ስታደርጓት፣ እኔ ምን ልሁን?»

ድምፃቸው ሰለል አለ። በመጨረሻ ሲኒማው ሲከፈት ሕዝቡ እንደሚጎርፍ፣ እሳቸውም ደጁ ላይ ሻይ እንደሚሸጡ ምለን ተገዘትን። ዶሮውን እሽ ብለው አባረሩና «ማ»ን ሰጡን።

ቀይ ቀለም ቀባናት፣ አምፖል ደረደርንባት፣ ሰቀልናት። የምርቃቱ ዕለት ማርቆስ ሰው የቀረበት ቤት አልነበረም። ጀንበር ስትጠልቅ መብራቱ ቦግ አለ፦ «ሲኒማ!» እልልታው ቀለጠ። ሊቀ መንበሩ እንባውን ጠረገ። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ከፊት፣ ከቤታቸው ያመጡትን ወንበር አመቻቹና፣ «እሺ፣ አሁን ምን ልታሳዩን ነው?» አሉ።

ለካ ስለ ፊልም ያሰበ አንድም ሰው የለም! በሩን ከፈትነው። ማሽኑ የለ፣ መቀመጫው የለ፤ እርግቦች ግር ብለው በአናታችን ላይ ወጡ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኛ የሰሌዳ ኮሚቴ ነን» አለ።

እትዬ አትጠገብ የሻይ ጀበናቸውን ይዘው ከሰው መሃል ወጡ።

«ስሙኝማ ልጆቼ» አሉ። «ሲኒ ሲል በነበረ ጊዜ፣ ሰው ተሻግሮ ሲኒ ያገኝ ነበር። አሁን ሲኒማ ይላል። የታለ ሲኒማው?»

መሪጌታ ቅኔያቸውን ትተው ሻይ አዘዙ።

በማግስቱ ተሰብስበን በሙሉ ድምፅ ወሰንን፦ ፊልም እስኪገኝ ድረስ «ማ» ትውረድ። የተሰበረ ሁሉ ይጠገን የምትሉ ወዳጆቼ፣ ቀስ በሉ፤ አንዳንዱ ነገር ከውሸት የሚድነው ሲሰበር ነው።